ኢ-ቪዛ ምንድነው፣ ምንስ አይደለም

(በዘንድሮው የመገናኛ በዓል ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው ታርሟል። ተናጋሪው የማኅበራችን አባል ሲሆኑ ለረጅም ዓመታት በጉዞ ወኪልነት ሥራ ላይ ቆይተዋል።)

ከምሳ በኋላ፣ ያውም እንዲህ ያለ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ስለ ቪዛ ተናገር መባል ዕድለኝነት አይደለም። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ቢኖር አልቀየምም። ጎረቤቱ ግን ስለ ስም አጻጻፍና ስለ ቀን የምናገረው ክፍል ላይ ስደርስ ይቀስቅሰው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

ኮሚቴው ይህን ርዕስ የሰጠኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት በአባሎቻችን ላይ ሁለት ነገሮች ደርሰዋል። ስም አልጠራም። አንዲት እህታችን እናቷ አርፈው ከውጭ ለመምጣት ተነሳች። ቀብር እንደምታውቁት አይጠብቅም፤ የእሷ ሐሳብ ቢያንስ ለሰልስቱ ለመድረስ ነበር። ሌሊት ስልኳ ላይ የኢትዮጵያ ኢ-ቪዛ ብላ ፈለገች፣ መጀመሪያ የመጣላትን ገጽ ከፈተች፣ ሞላች፣ ከፈለች። ማኅተም የሚመስል ነገር ያለበት ፒዲኤፍ በኢሜይል መጣላት። አየር ማረፊያ ስትደርስ የቼክ-ኢን ሠራተኛው «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ቪዛ የለም» አላት። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ከዩኒቨርሲቲያችን አንድ ወጣት መምህር ነው። ጥናቱ ተቀባይነት አግኝቶ ወደ ላቲን አሜሪካ ሊሄድ፣ የሚሄድበት አገር ኢ-ቪዛ በትክክል ወጥቶለት፣ በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ ትኬት ተቆርጦለት፣ ቦሌ ላይ ተመለሰ። ቪዛው ትክክል ነበር። የተመለሰው በሌላ ምክንያት ነው፤ እመጣበታለሁ።

እንግዲህ መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ «ኢ-ቪዛ» የሚለው ቃል የማይገናኙ ነገሮችን ሰብስቦ ይዟልና።

ዋናው ኢ-ቪዛ፣ ድሮ ኤምባሲ ሄደን ፓስፖርታችን ላይ እናስለጥፈው የነበረው ቪዛ ራሱ በኢንተርኔት ሲሰጥ ነው። ፎርም ትሞላላችሁ፣ የፓስፖርታችሁን ፎቶ ያለበትን ገጽ ስካን አድርጋችሁ ትልካላችሁ፣ በካርድ ትከፍላላችሁ፣ መልሱ በኢሜይል ይመጣል። ቱርክ በዚህ መንገድ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ሕንድ በ2014 ተከተለች። የእኛው አገር በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለቱሪስቶች ጀመረች፣ ከዚያም ለሌሎች የጉዞ ዓይነቶች እየሰፋ ሄደ።

ሌላው የጉዞ ፈቃድ ይባላል። ይህ ቪዛ አይደለም። ቪዛ የማያስፈልጋቸው ሰዎች ከመሳፈራቸው በፊት አስቀድመው ራሳቸውን የሚያስመዘግቡበት ነው። ቀዳሚዋ አውስትራሊያ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1996። አሜሪካ «ኤስታ» የምትለውን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ግዴታ አደረገችው፤ ካናዳ በ2016 መጣች፣ እንግሊዝና እስራኤል ደግሞ በቅርቡ። እዚህ ላይ ነው ስህተት የሚፈጠረው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ጓደኛችሁ «እኔ ለንደን የገባሁት በስልኬ ሞልቼ ነው፣ አንድ ቀን አልፈጀም» ይላችኋል። እውነቱን ነው። እናንተ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ያንኑ ስትሞክሩ ግን ገንዘባችሁን ትከስራላችሁ እንጂ አትገቡም፤ ፈቃዱ የተዘጋጀው ከቪዛ ነጻ ለሆኑ ፓስፖርቶች ነው። ኬንያ ለየት ትላለች፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ቪዛ የሚባለውን አስቀርታ በቦታው ይህን የጉዞ ፈቃድ ተክታለች።

ሦስተኛው የእንግሊዝ ነው። እዚያ የምትኖሩ አባሎቻችን ታውቁታላችሁ። እንግሊዞች «ኢ-ቪዛ» የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዳችሁን የሚያሳየውን የኮምፒውተር መዝገብ ነው። በፊት በኪሳችሁ ይዛችሁት የነበረው የፕላስቲክ ካርድ ለአብዛኛው ሰው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ጊዜው አልፏል። አሁን አካውንት ከፍታችሁ ፓስፖርታችሁን ከመዝገቡ ጋር ታገናኛላችሁ። ፓስፖርታችሁን ያደሳችሁ እንደሆነ አዲሱን ቁጥር ራሳችሁ ሄዳችሁ ማስገባት አለባችሁ። ይህን ሳያደርጉ ለገና ወይም ለፋሲካ አዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ሲመለሱ ቦሌ ላይ ይያዛሉ። መዝገቡ የድሮውን ፓስፖርት ነው የሚያውቀው።

የአሜሪካን ዲኤስ-160 የሚባለውን ፎርም በኢንተርኔት መሙላትም ኢ-ቪዛ አይደለም። ማመልከቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ አለ፣ አሻራ አለ፣ የመስኮቱ ጥያቄና መልስ አለ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ኢ-ቪዛ ወረቀት አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለው ፒዲኤፍ ቪዛው አይደለም። ቪዛው አንድ አገር ኢሚግሬሽን መዝገብ ውስጥ ያለ መስመር ነው፤ ፒዲኤፉ ያንን መስመር የሚጠቁም ደረሰኝ ነው። ድሮ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ራሱ ቪዛው ነበር፤ አስመስሎ የሠራው ሰው ወረቀቱን ነበር የሚያስመስለው። አሁን ወረቀቱ ቢያምርም ባያምርም ዋጋ የለውም። ሠራተኛው ፓስፖርታችሁን ያስነብባል፣ ኮምፒውተሩ ወይ አለ ይላል ወይ የለም ይላል። የለም ካለ፣ ብትለምኑትም ሊረዳችሁ አይችልም።

አንዳንድ ሰው በአየር መንገድ ሠራተኛ ይናደዳል፤ «አንተ ኢሚግሬሽን ነህ እንዴ?» ይላል። አይደለም። ነገር ግን የመግቢያ ሰነድ የሌለውን መንገደኛ ያመጣ አየር መንገድ መልሶ የመውሰድ ኃላፊነት አለበት፣ ብዙ አገሮች ደግሞ ይቀጡታል። ስለዚህ ሠራተኛው «ቲማቲክ» የሚባለውን፣ የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር የሚያዘጋጀውን የመግቢያ ደንቦች መዝገብ ከፍቶ ዜግነታችሁን፣ መነሻችሁን፣ የምታልፉበትንና መድረሻችሁን ያስገባል። እዚያ ላይ የተጻፈው ነው የሚወስነው። ኤምባሲ ያለው ዘመዳችሁ የነገራችሁ አይወስንም፤ እኔ ዛሬ የምነግራችሁም አይወስንም።

ስለ ሐሰተኛ ገጾች ልናገር። ሁሉም ሌቦች አይደሉም። አንዳንዶቹ በእውነት ያመለክቱላችኋል፣ ግን የመንግሥቱን ክፍያ ሁለት ሦስት እጥፍ አድርገው ይወስዳሉ። አንዳንዶቹ ያንን እንኳ አያደርጉም፤ የፓስፖርታችሁን ስካንና የካርድ ቁጥራችሁን ይዘው ይቀራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ከገንዘቡ ይልቅ ስካኑ ነው፤ ገንዘብ በባንክ ተከራክሮ ሊመለስ ይችላል። መፈለጊያ ላይ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከፍሎ የወጣ ማስታወቂያ ነው። አድራሻውን ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡ። የእኛ አገር «ኢቪዛ ነጥብ ገቭ ነጥብ ኢቲ» ነው። የቱርክ «ገቭ ነጥብ ቲአር» ብሎ ያበቃል፣ የኬንያ «ጎ ነጥብ ኬኢ»። «ገቭ» የሚለው መሐል ላይ ገብቶ መጨረሻው «ኮም» ወይም «ኦርግ» ከሆነ መንግሥት አይደለም። እህታችን የከፈተችው ገጽ የኢትዮጵያ ባንዲራም፣ የላሊበላ ፎቶም ነበረው። ባንዲራ ማንም ይለጥፋል።

አሁን የተኛውን ቀስቅሱት።

ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስማችን፣ የአባታችን፣ የአያታችን ስም ነው። ፎርሙ ግን ሁለት ሣጥን ብቻ ነው የሚሰጠን፤ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም»። አንዱ የአባቱን ስም ይጽፋል፣ አንዱ የአያቱን፣ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሙ በዚያ አገር ወረቀት ላይ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖበታል። ታዲያ ማን ነው ልክ? ፓስፖርቱ ነው ልክ። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የፓስፖርታችሁን ፎቶ ያለበትን ገጽ ክፈቱና ከታች ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ፤ በእንግሊዝኛ ፊደልና የቀስት ጫፍ በሚመስሉ ምልክቶች የተሞሉትን። እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለው። በላይኛው መስመር፣ ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ፣ መጀመሪያ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ተብሎ የተመዘገበው ነው። ከዚያ ሁለት ቀስቶች ተከታትለው ይመጣሉ። ከእነሱ በኋላ ያለው የራስ ስም ነው። ማሽኑ የሚያነበው ይህንን ነው። ልማዳችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ፎርሙ ላይ በዚያው ቅደም ተከተል ጻፉት።

የፓስፖርቱን ቁጥር ግን ከታች አትቅዱ፤ ከላይ ከታተመው ቅዱት። በሁለተኛው መስመር ላይ ከቁጥሩ ኋላ የማረጋገጫ አኃዝ ተለጥፎ ይመጣል፤ እሱን የቁጥሩ አካል አድርጎ የጻፈ ሰው የማይኖር ፓስፖርት ቁጥር አስመዘገበ ማለት ነው። ዜሮና «ኦ» የሚባለውን ፊደልም ለዩ።

ፊደላችን ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ወጥ ሕግ የለውም። «ቀ»ን አንዱ በ«ኬ»፣ አንዱ በ«ኪው» ይጽፈዋል። «ጸሐይ» ስንት ዓይነት ትጻፋለች! የዲግሪያችሁ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቪዛ ላይ የሚያሸንፈው ፓስፖርቱ ነው፤ ትኬታችሁም እንደ እሱ ይቆረጥ። ጋብዣችሁ እንግዳ የምታመጡ መምህራን ደግሞ፣ የግብዣው ደብዳቤ ላይ ያለው ስም እንግዳው ፓስፖርት ላይ ካለው አንድ ፊደል እንዳይለይ፤ ስካኑን አስልካችሁ ከእሱ ላይ አስጽፉ። ከኢሜይል ፊርማ ላይ አትገልብጡ።

ቀን። ይሄ የእኛ ብቻ ችግር ነው፣ ማንም አይረዳልንም። የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ሲወጣ ቀኑ ላይ «12/5/2017» ተብሎ ይጻፋል፣ «ዓ.ም.» የሚለው አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም፤ ቢኖርም ፈረንጁ አያነበውም። ለእኛ ጥር 12 ነው። በእነሱ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20፣ 2025 ማለት ነው። የቆንስላው ሠራተኛ ግን የሚያየው እ.ኤ.አ. በ2017 የተጻፈ፣ ስምንት ዓመት ገደማ ያለፈው ደብዳቤ ነው። ወይም ደግሞ፣ የባሰው፣ ዛሬ የተጻፈ ደብዳቤ ላይ ቀን የተጭበረበረ ይመስለዋል። ከዩኒቨርሲቲው ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ሁሉ ሁለቱንም አቆጣጠር ይያዝ፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ። ይህ አንድ መስመር ነው። ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ከቀን ጋር ሰዓትም አለ። ትኬት ላይ በ10ኛው ቀን 00፡30 የሚል በረራ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ አየር ማረፊያ የሚኬደው በ9ኛው ቀን ማታ ነው። በ10ኛው ማታ ሻንጣቸውን ይዘው የመጡ ስንቱን አይቻለሁ። ቪዛም ላይ እንዲሁ ነው። ቪዛችሁ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ የሚሠራ ከሆነና አውሮፕላኑ በ9ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ካረፈ፣ ለሃያ ደቂቃ ቪዛ የላችሁም። «መቼ ትገባላችሁ?» ሲላችሁ የምትነሱበትን ሳይሆን የምትደርሱበትን ቀን ስጡ።

ኢ-ቪዛው ላይ ሁለት የጊዜ ልኮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ እስከ መቼ መግባት እንደምትችሉ፣ ሌላው ከገባችሁ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደምትችሉ ይናገራል። የ90 ቀን ቪዛ አለኝ ያለ ሰው 30 ቀን ብቻ ሊፈቀድለት ይችላል፤ 90ው የመግቢያው በር ክፍት የሚሆንበት ነው። ሲጠበስ የሚያየው የለም፣ ሲወጣ ግን ይቀጣል።

በውጭ ለምትኖሩ አባሎቻችን አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። የሌላ አገር ዜግነት ከወሰዳችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነታችሁ ቀርቷል። የድሮው ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ስላለ ዜጋ ነን ማለት አይደለም። ነገር ግን የትውልደ ኢትዮጵያውያንን መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 270/1994 አለላችሁ። እናንተ ራሳችሁ ከዚህ በፊት ኢትዮጵያዊ የነበራችሁ፣ ወይም ከወላጆቻችሁ፣ ከአያቶቻችሁ ወይም ከቅድመ አያቶቻችሁ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ከሆነ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ልታወጡ ትችላላችሁ። እሱን የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው እሱን ነው። (አንድ ጓደኛችን «ቢጫ ካርድ አለኝ» ብሎ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይዞ መጥቷል። እሱም ጠቃሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንዴ ከተወጋችሁ ለዕድሜ ልክ ይሠራል፣ ብዙ አገሮችም ከእኛ አገር የሚሄደውን መንገደኛ ይጠይቁታል። ግን ሌላ ካርድ ነው።)

ለምን ነው ይህን የማጠነክረው? ኢ-ቪዛ አስቦ ለሚጓዝ ሰው ጥሩ ነገር ነው። ለመርዶ ግን አልተሠራም። ሌሊት ስልክ ተደውሎለት፣ እያለቀሰ፣ በስልክ ጣቱ ፎርም የሚሞላ ሰው ስሙን ይሳሳታል፣ ሐሰተኛ ገጽ ውስጥ ይገባል። እህታችን ቢጫ ካርዱ ቢኖራት ኖሮ በዚያች ሌሊት የምታስበው ስለ ትኬት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ደረሰች፣ ግን ድንኳኑ ፈርሶ ነው። እናትና አባታችሁ በሕይወት ያሉ አባሎቻችን፣ በደኅናው ቀን አውጡት። የልጆቻችሁንም ጭምር።

ወደ መምህራን ልመለስ። አውሮፓ ለሚሄዱት። የሸንገን አገሮች ለኢትዮጵያዊ ኢ-ቪዛ አይሰጡም፤ በኢንተርኔት የሚሆንበትን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 አጽድቀዋል፣ ዛሬ ግን ያው የሚለጠፈው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን አጥብቋል። መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ሄዷል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆሟል። ምክንያቱ ከስደት ተመላሾች ጋር የተያያዘ ነው፤ በእናንተ ጥናት ላይ የተባለ ነገር የለም፤ ዳፋው ግን ለእናንተም ደርሷል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉባኤ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ 90 ዩሮ። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። የጥናት ጽሑፋችሁ ተቀባይነት ያገኘበት ደብዳቤ በመጣ ዕለት ቀጠሮ ያዙ። የበጀት ፈቃድ እስኪፈረም የሚጠብቅ ሰው ጉባኤው ካለፈ በኋላ ቪዛ ያገኛል።

ያ ወጣት መምህርስ? የኢትዮጵያ ፓስፖርት የሸንገን አገሮች የአየር ማረፊያ ማለፊያ ቪዛ ከሚጠይቋቸው ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለ። ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ቀጣዩን በረራ ብትጠብቁም እንኳ ያስፈልጋችኋል። የሚሰራ የሸንገን ወይም እንደ አሜሪካና ካናዳ ያሉ አገሮች ቪዛ በፓስፖርታችሁ ላይ ካለ ይቀርላችኋል፤ ከሌለ ግን የመድረሻችሁ ኢ-ቪዛ አያድናችሁም። ለንደንም እንዲሁ የራሱን የማለፊያ ቪዛ ይጠይቃል። ትኬቱን የሚቆርጠው ሰው ዋጋው አነስ ያለውን መንገድ ነው የመረጠው፤ ፓስፖርቱን አላየም። ትኬት ከመቆረጡ በፊት የሚጠየቀው «በየት በኩል?» የሚለው ነው።

ክፍያ ሌላው ጣጣ ነው። የሌላ አገር ኢ-ቪዛ የሚከፈለው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ የብር ካርዳችን አይሠራም። ሰዉ ወደ ደላላ የሚሄደው በአብዛኛው ፎርሙ ከብዶት አይደለም፣ መክፈያ አጥቶ ነው። ደላላው በራሱ ኢሜይል ያመለክትና መልሱ ለእሱ ይመጣል። ባንኮች ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይሰጣሉ፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሌላ ሰው ቢከፍልላችሁ እንኳ ኢሜይሉ የራሳችሁ ይሁን።

ደላላ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ርዕሱ ውስጥ ባይሆንም። ብዙዎቻችን የገጠር ዘመድ አለን። «ልጅቷ የዱባይ ቪዛ ወጣላት፣ ስልክ ላይ መጣ፣ እዩልን» ብለው ይልኩልናል፤ የተማርን ነንና። ያንን ፒዲኤፍ ስትከፍቱ የቪዛውን ዓይነት አንብቡ። የጉብኝት ቪዛ ከሆነ የሥራ ቪዛ አይደለም። በጉብኝት ቪዛ ሄዳ ሥራ የጀመረች ልጅ ውል የላት፣ ከለላ የላት፣ ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ እሷ ናት ሕገ ወጥ የምትባለው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የሚመራ ነው፤ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ በጸደቀ ውል። ደላላው «እዚያ ሲደርሱ ይቀየራል» ይላል። ለዘመዶቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው፣ ቢቀየሟችሁም።

ዩኒቨርሲቲው ሊያደርግ የሚችለውን ብዬ ላብቃ። ለዶክትሬት ምርቃት የውጭ ፈታኝ ስትጋብዙ፣ ወይም ከአባሎቻችን አንዱ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ሊያስተምር ሲመጣ፣ «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ ማን ይጠይቅሃል» አትበሉ። ለስብሰባም ለሥራም የየራሱ የቪዛ ዓይነት አለ፣ የጋባዡን ተቋም ደብዳቤም ይጠይቃል። ያ ደብዳቤ ከሦስት ቢሮ ፊርማ ለቅሞ እስኪወጣ ተማሪው ለመከላከያው ቀን እየጠበቀ ወራት ይሄዱበታል። አንድ ቢሮ፣ አንድ ሰው፣ አንድ የተዘጋጀ የደብዳቤ ቅጽ ይኑር። የእንግዳው ስም እንደ ፓስፖርቱ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሚመጣበት ምክንያት፣ ወጪውን ማን እንደሚችል፣ የሚያነሣ የስልክ ቁጥር። «የሚያነሣ» ያልኩት አውቄ ነው። ማኅበራችን ደግሞ እንግዶቹ አባሎቻችን ስለሆኑ ቅጹን ለማዘጋጀት ቢያግዝ መልካም ነው፤ እኔም እጨምርበታለሁ።

(ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ)

አንዲት የትምህርት ክፍል ኃላፊ፦ ከጋና ወይም ከናይጄሪያ ለምንጋብዛቸው ምሁራንስ ኢ-ቪዛ የግድ ነው?

መልስ፦ ዶክተር፣ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ለአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች ሲደርሱ ቪዛ የማግኘት ዕድል ከፍታለች። ቢሆንም እኔ አስቀድመው በኢንተርኔት ቢያመለክቱ እመርጣለሁ። በእነሱ አገር ቼክ-ኢን ላይ ያለው ሠራተኛ ደንቡን ሊጠራጠር ይችላል፤ መዝገብ ላይ ያለ ቪዛ ግን አይከራከርበትም። ደብዳቤያችሁን በሁለቱም መንገድ ይያዙ።

አንድ አባል፦ ፓስፖርቴን ጠፋ ብዬ አመልክቼ ነበር፣ በኋላ ኮት ኪሴ ውስጥ አገኘሁት። ኢ-ቪዛው በእሱ ቁጥር ነው የወጣው። ልጓዝበት?

መልስ፦ ጋሼ፣ በፍጹም። ጠፋ የተባለ ፓስፖርት ኢንተርፖል ለአገሮች ሁሉ የሚያጋራው መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ እርስዎ ቢያገኙትም መዝገቡ አያውቅም። አዲስ ያውጡ። ኢ-ቪዛው ከአሮጌው ቁጥር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ እሱም አብሮ ይቀራል፤ በአዲሱ እንደገና ያመልክቱ። በዚያው ደግሞ አዲሱ ሲወጣ ቢያንስ 6 ወር ዕድሜ ሲቀረው ነው ብዙ አገር የሚቀበለውና ስለ እሱ አያስቡም። ሲወጣልዎት ሁለት ቅጂ ያትሙ። አንዱን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ፣ ሌላውን ወይዘሮ ቦርሳቸው ውስጥ ያድርጉልዎት፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።